ፎርሙ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሞላሁ፤ ሐኪሟ ስለ ጡት ካንሰር የነገረችኝ እኛን ሐበሾችንም ይመለከታል?

የአሌክሳንድሪያዋ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ቤት ብዙውን ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን የምታውቁ ካላችሁ አግዙኝ።

40 ዓመት ሞላኝና ለዓመታዊ ምርመራ ሄድኩ። ያው የተለመደውን ፎርም ሰጡኝ። ዘር የሚለው ጋ ስደርስ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ሐኪሟ ወረቀቱን አየት አድርጋ «ጥቁር ሴቶችን የጡት ካንሰር በለጋ ዕድሜ ይይዛቸዋል፤ ሲይዛቸውም ኃይለኛው ዓይነት ይበዛል፤ ስለዚህ ለማሞግራም (ለጡት ራጅ) አሁኑኑ ቀጠሮ እናስይዝሽ» አለችኝ። ቀጠሮውን ይዣለሁ። እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቤት ገብቼ ግን ማንበብ ጀመርኩ። ማንበቡ እንቅልፍ ነሳኝ። በ2015 ጃማ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ከ2004 እስከ 2011 አሜሪካ ውስጥ ካንሰሩ የተገኘባቸውን ከ370 ሺህ በላይ ሴቶች በዘር ለይቶ ያያል። ገና አንደኛ ደረጃ ላይ (ከአራቱ የመጀመሪያው) እያለ የተገኘላቸው ከነጮቹ 51 በመቶ ገደማ ናቸው። ከጃፓን ዝርያዎቹ 56 በመቶ። ከጥቁሮቹ 37 በመቶ ብቻ!

ያልገባኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ የተወለድኩት ደሴ ነው። ጆርጂያ የተወለደች፣ ሌጎስ የተወለደችና ደሴ የተወለደች ሴት አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተን ስንቆጠር ቁጥሩ ስለ እኔ ምን ይነግረኛል? ደግሞስ ዘግይቶ የሚገኘው በድህነት ነው ወይስ ደም ውስጥ ያለ ነገር አለ?

ነርሷ ከዳላስ ጻፈች፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ቀጠሮውን ያዝሽ። የመንግሥት አማካሪው ቡድን ራሱ በ2024 መነሻውን ከ50 ወደ 40 ዓመት አውርዶታል፤ በየሁለት ዓመቱ እስከ 74። ይህ ለሁሉም ሴት ነው፣ ለጥቁር ብቻ አይደለም።

የጠየቅሽው ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ «ካንሰሩ ሲገኝ ምን ያህል ርቆ ሄዷል?» የሚለው ነው። ሌላው «ምን ዓይነት ካንሰር ነው?» የሚለው። ሰው ሁለቱን ይደባልቃል፤ ከዚያ ግማሹ «ዘር ነው» ይላል፣ ግማሹ «ድህነት ነው» ይላል።

ስለ መጀመሪያው ልበል። ካንሰሩ ከጡት ሳይወጣ የተገኘላት ሴት አምስት ዓመት የመትረፍ ዕድሏ 99 በመቶ ነው። ብብት ስር ያሉ ንፍፊቶች ጋ ከደረሰ ወደ 87 ይወርዳል። አጥንት፣ ጉበት ወይም ሳንባ ከገባ 32 በመቶ አካባቢ ነው። እዚህ አገር ነጭ ሴቶች ወደ 68 በመቶ የሚሆኑት ከጡት ሳይወጣ ይገኝላቸዋል። ጥቁር ሴቶች ከ60 በመቶ በታች ናቸው። ስለዚህ ጥቁር ሴቶች በበሽታው የሚያዙት ከነጮች ትንሽ ባነሰ መጠን ሆኖ ሳለ፣ 5 በመቶ ገደማ ባነሰ ማለት ነው፣ የሚሞቱት ግን ወደ 40 በመቶ በሚጠጋ መጠን ይበልጣሉ። ባነሰ ተይዞ በበለጠ መሞት። ሥራ ስጀምር ይህን ሳነብ ቁጥሩ የተገላበጠ መስሎኝ ደግሜ ነበር ያየሁት።

ሰው ወዲያው «አይመረመሩም እኮ!» ይላል። እሱ አይደለም። ስትጠይቂያቸው ማሞግራም ተነሥቻለሁ የሚሉት ጥቁር ሴቶች ከነጮቹ አያንሱም። ክፍተቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ማሞግራም ተነሣች እንበል። «ጥርጣሬ አለን፣ ተመለሺ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛው ፎቶ እንደ መጀመሪያው ነፃ ላይሆን ይችላል፤ ሂሳብ ይመጣል። በሰዓት የምትከፈል ሰው ደግሞ አንድ ቀን ስትቀር ደመወዟ ይቆረጣል። ከዚያ ባዮፕሲ (ናሙና መውሰድ)፣ ከዚያ የቀዶ ሐኪም ቀጠሮ። በየመሐሉ ሳምንታት ይሄዳሉ። እኔ ዴስኬ ላይ ሆኜ የማየው ይሄንን ነው።

ጋሽ ሲያትል ጻፉ፦

ልጆቼ፣ ነገር አታክብዱ። ይሄ የነሱ ጣጣ ነው። አመጋገባቸው፣ ኑሯቸው ሌላ ነው። የኛ ሴቶች ጾማቸውን ይጾማሉ፣ ልጆቻቸውን ሁለት ዓመት ያጠባሉ። እኛን ከነሱ ጋር አንድ ላይ መደመሩ ራሱ ስሕተት ነው። እናቴ 90 ዓመቷ ነው፣ ማሞግራም የሚባል አታውቅም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ ጻፈች፦

ጋሼ፣ እድሜ ለእናትዎ። በአክብሮት ልቃወምዎት ግን።

እኔ ሐበሻ ነኝ፣ ጾመኛ ነኝ፣ ሁለተኛ ልጄን እያጠባሁ ነበር። በ36 ዓመቴ ግራ ጡቴ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ዳበስኩ። የሄድኩበት ክሊኒክ ያየኝ ሰው በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ «ወተት ተቋጥሮ ነው፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ማጥባት ስታቆሚ ይጠፋል» አለኝና ሸኘኝ። አልጠፋም። ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ ሄጄ አልትራሳውንድ ካላነሣችሁኝ አልወጣም አልኩ። እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያልኩት።

የባዮፕሲው ውጤት ስልኬ ላይ ሐኪሜ ሳትደውል ቀድሞ መጣ። ሥራ ቦታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ኢስትሮጅን ተቀባይ (ካንሰሩ ሆርሞኑን የሚይዝበት) 0 በመቶ። ፕሮጄስትሮን ተቀባይ 0 በመቶ። ኸርቱ የሚባለው ፕሮቲን አንድ ፕላስ፣ ኔጌቲቭ ማለት ነው። ሦስቱም የሌሉበት፣ ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚሉት ይሄ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነበር። ኬሞው ቀድሞ ተሰጠኝ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ጨረር። ዛሬ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን።

ማጥባት እውነት ነው ይረዳል፤ ሐኪሜም ብላኛለች፣ በተለይ ለዚህኛው ዓይነት። ግን ክትባት አይደለም ጋሼ። ያ ሰውዬ ደግሞ ሲሸኘኝ ጾመኛ መሆኔንም ሐበሻ መሆኔንም አልጠየቀም። ያየው ወጣት ጥቁር ሴት ብቻ ነው።

ነርሷ ከዳላስ ጻፈች፦

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥሽ እህቴ። ያልሽው ነገር ትልቅ ነው፤ በዕድሜ ሳቢያ «ገና ነሽ» የሚባሉት ብዙ ናቸው። እዚህ አገር ጥቁር ሴቶች ላይ ካንሰሩ የሚገኝበት መካከለኛ ዕድሜ 60 ነው፤ ነጮቹ ላይ 64። ከ50 ዓመት በታች ካየሽ ደግሞ የጥቁሮቹ የሞት መጠን የነጮቹን እጥፍ ይጠጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብግነት የሚመስለው የጡት ካንሰር የሚባል አለ፤ ጠጠር ላይኖረው ይችላል። ማስተማሪያ ወረቀቶቹ ላይ ያለው ፎቶ ቀይ የሆነ ነጭ ቆዳ ነው። እኛ ቆዳ ላይ ቀይ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ይላል ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለ፣ አንዱ ጡት በድንገት ካበጠና ከሞቀ፣ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶሽ ካልለቀቀ «ይሄ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

የቺካጎው ጻፈ፦

ድህነት ነው ደም ነው ለሚለው የኛ ከተማ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1980 ቺካጎ ውስጥ የጥቁርና የነጭ ሴቶች የጡት ካንሰር ሞት ተቀራራቢ ነበር። ከዚያ ማሞግራም ተስፋፋ፣ አዳዲስ መድኃኒት መጣ፤ የነጮቹ ሞት መውረድ ጀመረ። የጥቁሮቹ ባለበት ቀረ። በ2003 ጥቁሮቹ በ68 በመቶ በለጡ። የሰው ዘር በ20 ዓመት አይለወጥም!

ከዚያ ጉዳዩን የሚከታተል ግብረ ኃይል ተቋቋመ፤ የሐኪም ቤቶቹን ማሞግራም ጥራት መቁጠር ጀመሩ። በደቡብና በምዕራብ ሰፈሮች ፊልሙን የሚያነበው ብዙ ጊዜ የጡት ስፔሻሊስት አልነበረም። ትንንሹ ካንሰር ፊልሙ ላይ እያለ ይታለፍ ነበር። ያ ሲስተካከል ልዩነቱ መጥበብ ያዘ። ሌላም ልጨምር፤ በዚያው ዘመን ሜምፊስ ውስጥ የጥቁሮቹ ሞት የነጮቹን እጥፍ ያልፍ ነበር፣ ኒውዮርክ ግን ልዩነቱ በጣም ጠባብ ነበር። ያው ጥቁር ሴት ናት ሁለቱም ከተማ ያለችው። ስለዚህ የደም ነገር የሚለውን እኔ አልቀበልም።

የላብራቶሪው ሰው (ሚኒያፖሊስ) ጻፈ፦

የቺካጎው ወንድሜ፣ ታሪኩ እውነት ነው፤ መደምደሚያህ ግን ግማሹን ጥሎታል። እኔ ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ስላይድ ሳይ የምውል ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

አዲሱ መድኃኒት ያልከው ዋናው ታሞክሲፈን ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1977 ነው። የሚሠራው ኢስትሮጅን ተቀባይ ባለው ካንሰር ላይ ብቻ ነው። ተቀባይ ከሌለው ውኃ እንደ መጠጣት ነው። ማሞግራምስ? በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የሚነሣ ፎቶ በደንብ የሚይዘው ቀስ ብሎ የሚያድገውን ነው። ፈጣኑ ዓይነት በሁለት ቀጠሮ መሐል ብቅ ሊል ይችላል። እንግዲህ ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚባለው ፈጣኑ ነው፤ ታሞክሲፈንም አይነካውም። ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከአምስት ካንሰር አንዱ እንዲህ ያለ ነው። ነጮቹ ላይ ከአሥር አንዱ ገደማ።

አየህ? ከ1980 በኋላ የማንም ደም አልተለወጠም። የመጡት ሁለቱም መሣሪያዎች ግን ነጮቹ ላይ ለሚበዛው የካንሰር ዓይነት የተመቹ ነበሩ። ሌላኛው ዓይነት ከመጀመሪያም ነበር፤ ሁሉም አብሮ ሲሞት ልዩነቱ አይታይም ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ «የተፈጠረው» በሥርዓቱ ነው ብትል ልክ ነህ። ሥርዓቱ ግን አንዱን ባዮሎጂ ከሌላው አስበልጦ ነው የጠቀመው። ሁለቱን ለይቶ «ወይ ይሄ ወይ ያ» ማለት አይሠራም።

የአሌክሳንድሪያዋ ያነሣሽው ጥናት ራሱ ይሄን ያሳያል። አንደኛ ደረጃ ላይ ተገኝቶላቸው እንኳ በሰባት ዓመት ውስጥ በዚያው ካንሰር የመሞት ዕድል ለነጮቹ 3 በመቶ ነው፣ ለጥቁሮቹ 6.2። ቀድሞ መገኘት ብቻውን ልዩነቱን አልዘጋውም።

አሁን ወደ ደሴ እንምጣ። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ካንሰር የተገኘባቸውን ጥቁር ሴቶች በተወለዱበት አገር ለይቷቸዋል። አሜሪካ ከተወለዱት የአንድ ሦስተኛ ያህሉ ካንሰር ኢስትሮጅን ተቀባይ የለውም። ምዕራብ አፍሪካ የተወለዱት ላይም እንደዚያው። ምሥራቅ አፍሪካ የተወለዱት ላይ ግን 22 በመቶ ነው፤ ወደ ነጮቹ የቀረበ ማለት ነው። ዶክተር ሊዛ ኒውማን የምትባል የታወቀች የጡት ቀዶ ሐኪም አለች። ከጋና ኩማሲና ከአዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋር አብራ ስትሠራ ቆይታለች። የቡድኗም ግኝት ተመሳሳይ ነው፤ ትሪፕል ኔጌቲቭ ጋናውያኑ ላይ ግማሽ ያህል ነው፣ ጥቁር አሜሪካውያኑ ላይ ከዚያ ያነሰ፣ ኢትዮጵያውያኑ ላይ ደግሞ ከነጭ አሜሪካውያን ጋር የሚቀራረብ።

ለምን? አንዱ የሚጠረጠረው ዳፊ የሚባል የዘረመል ልዩነት ነው። ቆላ አካባቢ ያደጋችሁ ቫይቫክስ የሚባለውን ወባ ታውቁታላችሁ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ያ ወባ እምብዛም ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ቀይ የደም ሴሉ ላይ የዳፊ ምልክት የለውም፣ ወባው መግቢያ በር ያጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ምልክቱ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ቫይቫክስም አለ። የኒውማን ቡድን ይህ የዳፊ አለመኖር ከትሪፕል ኔጌቲቭ ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው፣ እንደ መጨረሻ ቃል አትያዙት። ግን ፎርሙ ላይ ያለው ሳጥን ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያሳያል። የባሪያ ንግዱ ሰዎችን ያጋዘው በብዛት ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ «ጥቁር» ሲባል የሚለካው ያ ዘር ነው። የደሴዋ ሴት እዚያ ውስጥ እንግዳ ናት።

ጋሽ ሲያትል ጻፉ፦

ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ሌላ ነን አላልኩም?

የላብራቶሪው ሰው (ሚኒያፖሊስ) ጻፈ፦

ጋሼ፣ ስለ ካንሰሩ ዓይነት ከሆነ ግማሽ ነጥብ ይያዙ፤ ያውም ስለ ሽሮ ሳይሆን ስለ ዘረመል። ግን 22 በመቶ ዜሮ አይደለም። እህታችን ከላይ የጻፈችውን ያንብቡ። አማካይ የብዙ ሰው ነው፤ ሪፖርቱ የአንዲት ሴት ነው።

ሐኪም ከአዲስ አበባ ጻፈች፦

ይህን ክር ዳያስፖራ ያለች እህቴ ላከችልኝ። ከዚህ ሆኜ ልጨምር።

ጥቁር አንበሳ ከታከሙ ከ1000 በላይ ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት በ2014 ወጥቶ ነበር። መካከለኛ ዕድሜያቸው 43 ነው። አሜሪካ 60፣ 64 ትላላችሁ፣ እኛ ጋ 43። ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ ማለት ኢትዮጵያዊት ሁሉ በወጣትነቷ ይይዛታል ማለት አይደለም። አገሩ ራሱ የወጣት አገር ነው። 65 ዓመት የሞላት ሴት ቁጥሯ ትንሽ ስለሆነ ካንሰር ክፍል ውስጥም ቁጥሯ ትንሽ ነው።

ተቀባዩ ከተመረመረላቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር ነበራቸው። በታሞክሲፈን ክኒን ሊታከም የሚችል ማለት ነው። ይሄ ጥሩ ዜና ነው። መጥፎው ዜና እኛ ጋ ሴቶች ሲመጡ ያሉበት ደረጃ ነው፤ አብዛኞቹ ሦስተኛና አራተኛ ላይ ናቸው። እዚህ «ደም» የሚለው ክርክር ውኃ አይቋጥርም። ሕመም ስለሌለው ዝም ትላለች። ከዚያ ጠበል ትሄዳለች፣ እኔ ጠበልን አልነቅፍም፣ ግን ሁለቱን አብራ ብታስኬድ ምናለ? ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ የባዮፕሲ ወረፋ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላይ የሚያስጠጋ ዘመድ ፍለጋ። ቁስል ሆኖ፣ በነጠላ ሸፍናው ነው የምናየው።

ስለ ተቀባይ ምርመራም አንድ ነገር። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ቶሎ ካልገባ ተቀባዮቹ ይበላሻሉ። ከዚያ ላብራቶሪው «የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ኖሮ ሳለ። አፍሪካ ላይ የወጡ አንዳንድ ቀደምት ጥናቶች ሆርሞን ተቀባይ የሌለውን አብዝተው ያሳዩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የላብራቶሪው ሰው (ሚኒያፖሊስ) ጻፈ፦

በትክክል ዶክተር! ለዚህ ነው እኔም ስለ አህጉር የሚወራ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ «ናሙናውን ማን አስቀመጠው?» የምለው።

የለንደኗ ጻፈች፦

እኛ ጋ ኢንሹራንስ የሚባል ጭቅጭቅ የለም፤ ሕክምናው ለነዋሪው ሁሉ ነፃ ነው። ልዩነቱ ግን አለ። በ2016 የወጣው የእንግሊዝ ቁጥር እንዲህ ነው፦ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ የሚገኝባቸው ከነጭ እንግሊዛውያን 13 በመቶ፣ ከጥቁር ካሪቢያን 22፣ ከጥቁር አፍሪካውያን 25። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ መጥፋት ነበረበት።

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ጥሪው እዚህ የሚመጣው ከ50 ዓመት ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ ነው። በ43 ለሚይዛት ሴት ምን ያደርግላታል? ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ነው፤ እትዬ አልማዝ የምንላቸው የሰፈራችን ሴትዮ ከመብራት ሂሳብ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጡት ዓይቻለሁ። ነገሩም ይደበቃል። ሰው ሲሞት «ትንሽ ታማ ነበር» ነው የሚባለው። በምን? ዝም። የማን እናት በምን እንደሞተች ሳናውቅ «በቤተሰብሽ ካንሰር አለ ወይ?» ሲሉን «የለም» ብለን እንሞላለን።

ከነታንያ ጻፈች፦

የለንደኗ ያለችው እኛም ጋ ልክ ነው። ሳጥን ሰፊ ነው ለሚለው አንድ ምሳሌ ልስጥ። እዚህ እስራኤል ከአሽከናዚ (የአውሮፓ ዝርያ) አይሁድ 40 ሰው አንዱ ገደማ ብራካ በሚባሉት ሁለት ጂኖች ላይ ካሉ ሦስት የታወቁ ለውጦች አንዱን ይይዛል። የጡትና የማሕፀን እንቁላል ካንሰር አደጋውን በብዙ ይጨምራል። አሜሪካ ስትሄድ ያቺ ሴት የምትሞላው ምን ብላ ነው? «ነጭ»። የነጮቹም ሳጥን እንዲሁ የሚደብቀው አለው።

እኛ ቤተ እስራኤሎች እነዚያ ሦስቱ የኛ ለውጦች አይደሉም። ይህን የሰማች አንዲት የሰፈሬ ሴት «እንግዲያው እኔን አይመለከተኝም» ብላ ቀጠሮዋን ሰረዘች። አቤት! የብራካ ለውጥ ሳይኖራቸው ነው እኮ አብዛኞቹ የሚታመሙት።

አወያዩ ጻፈ፦

የጥቁር አዝሙድ ዘይት «ካንሰር ያጠፋል» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈውን አጥፍቻለሁ። እንደገና ቢለጠፍ አካውንቱ ይዘጋል።

ሹፌሩ ከዴንቨር ጻፈ፦

ሰላም። እኔ ኡበር ነው የምሠራው፣ ኢንሹራንስ የለንም። ባለቤቴ 46 ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን ተነሥታ አታውቅም። ይሄን ሁሉ አነበብኩና ዛሬ አስገድዳታለሁ ብዬ ነበር። ግን ካንሰር ቢገኝባትስ በምን እናሳክማለን? እሷ የምትለው «ባላውቀው ይሻለኛል» ነው።

ነርሷ ከዳላስ ጻፈች፦

ወንድሜ፣ አታስገድዳት፤ ንገራት። ኮንግረስ በ1990 ያወጣው ሕግ አለ። በዚያ መሠረት ገቢያቸው ዝቅ ላለና ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሴቶች ማሞግራምና የማሕፀን ጫፍ ምርመራ የሚከፍል ፕሮግራም በሁሉም ስቴት አለ፤ ሲዲሲ የሚባለው የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ነው ገንዘቡን የሚሰጠው። «ቢገኝባትስ?» ላልከው ደግሞ በ2000 ሌላ ሕግ ተጨምሯል፦ በዚያ ፕሮግራም ካንሰር የተገኘባት ሴት መሥፈርቱን ካሟላች ሕክምናዋን ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን) እንዲሸፍን። ስቴትህ ጤና ቢሮ ደውልና «የጡትና የማሕፀን ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ፕሮግራም» በልና ጠይቅ። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ። የስደት ወረቀት ጉዳይ እንደ ስቴቱ ስለሚለያይ እሱንም በዚያው ጠይቅ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ ጻፈች፦

ለባለቤትህ ከእኔ ንገርልኝ። ባላውቀው ይሻላል ያለችውን እኔም ብያለሁ። ትሪፕል ኔጌቲቭ እንኳ ቢሆን ድሮ የነበረው ኬሞ ብቻ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ፔምብሮሊዙማብ የሚባል የራስሽን መከላከያ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ከኬሞው ጋር ተፈቅዷል። እኔም ወስጄዋለሁ። ግን እሱም ቢሆን ቀድሞ ለተገኘላት ነው ይበልጥ የሚረዳት።

የአሌክሳንድሪያዋ ጻፈች፦

ኧረ ይሄን ያህል አልጠበቅሁም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አሁን ነገሩ ገባኝ፦ ሐኪሟ የነገረችኝ ስለ ሳጥኑ ነው፤ የዓይነቱ ነገር እኔን ላይገልጸኝ ይችላል፣ የመዘግየቱ ነገር ግን ልክ እንደ ሌላው ይደርስብኛል። ክሊኒኩ ሲያየኝ ደሴን አያይም።

ተግባራዊ ጥያቄ ልጠይቅ። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። ምን ላድርግ፣ ምን አላድርግ? ሪፖርቱ ሲመጣስ ምን ልፈልግ?

ነርሷ ከዳላስ ጻፈች፦

በዚያ ቀን ጠረን ማጥፊያ አትቀቢ፣ ፓውደርም እንዲሁ። ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፊልሙ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታይና አንዳንዴ የካንሰር ምልክት የሚሆነውን የካልሲየም ክምችት ይመስላል። ቀሚስ ሳይሆን ከላይ ለብቻው የሚወልቅ ልብስ ልበሺ። ጡትሽን በሁለት ሳህን መሐል ይጫኑታል፣ ይጨንቃል፣ ግን ሰከንዶች ነው። ከወር አበባሽ በፊት ባለው ሳምንት ከሆነ ይበልጥ ስለሚያም ቀኑን ማዛወር ትችያለሽ።

ተመለሺ ቢሉሽ አትደንግጪ። ከመቶ ሴት አሥሩ ያህል ይጠራሉ፤ ከተጠሩት ውስጥ አብዛኞቹ ምንም የለባቸውም። መደንገጥ ሌላ፣ መቅረት ሌላ። እንዳትቀሪ! ሲጠሩሽ ደግሞ ገና ስልኩን ሳትዘጊ «ይሄኛው ስክሪኒንግ (መደበኛው ምርመራ) ነው ዲያግኖስቲክ (ጥርጣሬ ማጣሪያ)? እኔ የምከፍለው ስንት ነው?» በያቸው።

የላብራቶሪው ሰው (ሚኒያፖሊስ) ጻፈ፦

ማሞግራሙ ሪፖርት ላይ የጡትሽ ጥግግት ይጻፋል፤ ከመስከረም 2024 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ግዴታ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ነው ካሉሽ ፎቶው ላይ ካንሰር ሊደበቅ ስለሚችል ተጨማሪ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልገኝ እንደሆነ ጠይቂ።

አያድርገውና ባዮፕሲ ከመጣ ሦስቱን ፈልጊ። ኢስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ኸርቱ። ኢስትሮጅኑ ከ1 በመቶ በታች ከሆነ የለም ይባላል። ኸርቱ ዜሮ ወይም አንድ ፕላስ ከሆነ ኔጌቲቭ ነው፣ ሦስት ፕላስ ፖዘቲቭ። ሁለት ፕላስ ካለ ግን ገና አላለቀም፤ ፊሽ የሚባል ሌላ ምርመራ መሠራት አለበት። ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቂ፤ ሳይሠራ ሲንጠለጠል ዓይቻለሁ።

ጋሽ ሲያትል ጻፉ፦

ልጄ፣ ማክሰኞ ይቅናሽ። አንድ ጥያቄ አለኝ ነርሷን። ባለቤቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት መድን) አላት። አልፏታል ወይስ አሁንም ይነሣሉ?

ነርሷ ከዳላስ ጻፈች፦

ኧረ አላለፋትም ጋሼ። 74 ድረስ ነው ያልኩት፤ ሜዲኬር በዓመት አንዴ ያለ ክፍያ ይሸፍናል። ሪፈር እንኳ አያስፈልጋትም፤ ማሞግራም የሚያነሡበት ቦታ ቀጥታ ደውለው ያስይዙላት።